የጃፓን የብስክሌት ዳገት ውድድሮች፦ ከፉጂ ይልቅ ኖሪኩራን የምመርጠው ለምንድነው?

ዳገት_ወዳድ (ሳጋሚሃራ፣ ጃፓን)

ሰላም ወገኖች። የዘንድሮው የዳገት ውድድር ወቅት በአካጊ ተራራ ተዘጋልኝ። ብዙዎቻችሁ ስለ ውድድሮቹ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ሁሉንም እዚህ ላስቀምጠው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ለማያውቀው ሰው ልጀምር። ጃፓን ውስጥ «ሂል ክላይም» የሚሉት ውድድር አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የተራራ መንገድ ጠዋት ላይ ለመኪና ይዘጋል። ከግርጌው ትነሳለህ፣ አናቱ ላይ ሰዓትህ ይቆማል። ቁልቁለቱ አይቆጠርም። ሲያልቅ ሁሉም በቡድን በቡድን ሆኖ፣ በአስተባባሪዎች እየተመራ፣ ሳይቀዳደም ይወርዳል። ስለዚህ በሌላው የብስክሌት ውድድር የምንፈራው ነገር፣ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተጠላልፎ መውደቅ፣ እዚህ እምብዛም የለም። ሰኞ ሥራ የሚገባ፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ሰው ሳይሰጋ ይወዳደራል። የተራራ መንገዶቹ በበረዶ ስለሚዘጉ ወቅቱ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። አማተር ሰው አንድ ተራራ መርጦ ዓመቱን ለሱ መስጠት አለበት። ሌሎቹ ውድድሮች ለዚያ መዘጋጃ ይሁኑ። የሚመረጠው ተራራ ደግሞ ፉጂ ሳይሆን ኖሪኩራ ነው እላለሁ። የማይስማማ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ በደስታ እሰማለሁ።

ሜይ ላይ በጉንማ ግዛት፣ በሐሩና ጀመርኩ። ውድድሩ ታካሳኪ ከተማ ውስጥ ነው፤ የሚወጣው ወደ ሐሩና ሐይቅ ነው። ለእግር ማፍታቻ ጥሩ ነው። የሐሩና ቤተ መቅደስን ካለፍክ በኋላ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጉልበቱን ታች የጨረሰ ሰው እዚያ ጋ ይታወቃል።

ጁን መጀመሪያ ላይ ፉጂ ደረሰ። የሀገሪቱ ትልቁ የዳገት ውድድር ነው፤ በደመቀበት ዓመት እስከ 10,000 የሚጠጋ ሰው ይመዘገብበታል። በያማናሺ ግዛት በኩል፣ ፉጂ ሱባሩ ላይን በሚባለው የክፍያ መንገድ ላይ ነው የሚካሄደው። መንገዱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ዓመት። የሚለካው ርቀት 24 ኪሎ ሜትር ነው። የምትወጣው ከፍታ 1,255 ሜትር፣ አማካይ ዳገቱ 5.2 በመቶ። በጣም የቆመው ቦታ እንኳ 8 በመቶ አይሞላም። መጨረሻው የተራራው አምስተኛ ማረፊያ ጣቢያ፣ 2,305 ሜትር ላይ ነው።

ፉጂን የተለየ ያደረገው ቀለበቱ ነው። ለጨረሰ ሁሉ እንደ ሰዓቱ ባለ ቀለም ቀለበት ይሰጠዋል። ከ60 ደቂቃ በታች ፕላቲነም። ከ65 በታች ወርቅ። ከ75 በታች ብር። ከ90 በታች ነሐስ። ከዚያ በኋላ ለገባ ሰማያዊ። እዚህ ሀገር ሁለት ብስክሌተኞች ሲተዋወቁ «ፉጂ ላይ ምን ቀለም አለህ?» መባባል የተለመደ ነው። ብር ለማግኘት በአማካይ በሰዓት 19.2 ኪሎ ሜትር መውጣት አለብህ። በጉልበት ሲሰላ፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደትህ 3.8 ዋት ገደማ ለአንድ ሰዓት ከሩብ መያዝ ነው። ወርቅ ወደ 4.5 ይጠጋል። ነሐስ 3 አካባቢ ነው።

ብሩን አገኘሁ፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ፉጂ ላይ ብቻህን አትወጣም። ዳገቱ ለስለስ ስላለ ፍጥነቱ ከፍ ይላል፣ ነፋሱም ወደ ኋላ ይገፋሃል፣ ስለዚህ ከሰው ጀርባ መጠለል ዋጋ አለው። ጥሩ ቡድን የገጠመው ሰው ጊዜ ያተርፋል። ኦኩኒዋ አካባቢ ደግሞ መንገዱ ሜዳ ይሆንና ብቻውን የቀረ ሰው እዚያ ይጎዳል። ስለዚህ ያ ሰዓት ግማሹ የኔ፣ ግማሹ ከፊቴ የነበሩት ሰዎች ነው።

ጁን መጨረሻ ላይ ኡትሱኩሺጋሃራ ወጣሁ። ማትሱሞቶ ውስጥ ነው፤ ከአሳማ ፍል ውሃ ሰፈር ይነሳል። እዚህ ማሟሟቅ የሚባል ነገር የለም። ገና ከሰፈሩ ሳትወጣ ከ15 በመቶ በላይ የሆነ ዳገት ይቀበልሃል፣ ልብህ ጆሮህ ውስጥ ይመታል። ወቅቱም የዝናብ ነው። ለኖሪኩራ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም፤ ቁና ቁና እየተነፈስክ እንዴት ራስህን መልሰህ እንደምታረጋጋ ያስተምርሃል።

አሁን ኖሪኩራ። እሱም የማትሱሞቶ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ነው፣ ግን ከከተማው ርቆ ተራራው ላይ። ውድድሩ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አለ፤ የሚደረገው ኦገስት መጨረሻ ላይ ነው። ርቀቱ 20.5 ኪሎ ሜትር ነው። መነሻው 1,460 ሜትር፣ መድረሻው 2,720 ሜትር ገደማ፣ የናጋኖና የጊፉ ግዛቶች ድንበር ላይ። በመላው ጃፓን ከዚህ ከፍ ያለ አስፋልት የለም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል መኪና ተከልክሏል። አውቶቡስ፣ ታክሲ፣ ብስክሌትና እግረኛ ብቻ ነው የሚወጣው። ስለዚህ በተራ ቀን ሄዳችሁ ብትለማመዱ እንኳ መንገዱ ጸጥ ያለ ነው።

አማካዩ 6.1 በመቶ ነው ሲባል እንዳትዘናጉ። እስከ ሳንቦንታኪ ድረስ፣ ወደ 7 ኪሎ ሜትር፣ ለስላሳ ነው፤ ሰው ሁሉ ይበራል። ከዚያ ጫካው ውስጥ መታጠፊያው ይበዛል፣ ዳገቱም ይጠነክራል። ኩራይጋሃራ የሚባለውን የተራራ ማደሪያ ካለፍክ በኋላ ዛፉ ያልቃል። መሬት ለመሬት የሚሄድ አጭር ጥድ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በላይ ዳይሴኬይ የሚባል የበረዶ ቁልቁለት አለ፤ በበጋ ሙቀት መካከል በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች ታያለህ። አየሩ የሚሳሳው እዚህ ነው፤ ውድድሩም የሚወሰነው እዚህ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሲሶ ፉጂ ላይ ከያዝኩት ጉልበት ትንሽ ዝቅ አድርጌ ነዳሁ። ሰዎች እያለፉኝ ሲሄዱ ዝም አልኩ። ከማደሪያው በላይ ብዙዎቹን መልሼ አገኘኋቸው። እዚያ ላይ ቡድን የለም፣ መጠለያ የለም። ከፊትህ ያለው ሰው ቢኖርም ፍጥነቱ ትንሽ ስለሆነ ነፋሱን አይከላከልልህም። የገባህበት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው። ኖሪኩራን የምመርጠው ለዚህ ነው።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ አካጊ መጣ፣ ከማኤባሺ ከተማ። 20.8 ኪሎ ሜትር፣ 1,313 ሜትር ከፍታ፣ 6.4 በመቶ። የከተማው ሰው በር ላይ ወጥቶ ያጨበጭባል፣ ሽማግሌዎች ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። ወቅት ለመዝጋት ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ውድድር የለም።

---

ሸገር_ፔዳል (አዲስ አበባ)

ወንድሜ እጅህን ይባርከው። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ የፉጂ መድረሻ 2,305 ሜትር ነው ካልክ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ይላል ማለት ነው። እኛ ተኝተን የምናድርበት ከፍታ ነው። እንደዚህ ያለ ከፍታ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው እዚያ ጥቅም የለውም ወይ? ጃፓኖቹ ሲደክሙ አንተ ገና ማፍታታት ላይ መሆን አልነበረብህም?

ሁለተኛ፣ ሥራ እየሠራህ እንዴት ነው የምትለማመደው?

---

ዳገት_ወዳድ

ሸገር፣ የመጀመሪያው ጥያቄህን እዚህ ያሉ ጃፓናዊ ጓደኞቼም ሁልጊዜ ይጠይቁኛል።

ከፍታ ላይ ስትኖር ሰውነትህ ቀይ የደም ሴል ይጨምራል፣ ኦክስጅን እንዲሸከምልህ። ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስትወርድ ግን ያ ትርፍ አያስፈልግህም ብሎ ሰውነትህ ይቀንሰዋል። በሳምንታት ውስጥ ደምህ እንደ ማንኛውም የባሕር ጠረፍ ሰው ይሆናል። እኔ ደግሞ እዚህ ስኖር ቆይቻለሁ፣ ቤቴም ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አይልም። በልጅነት ከፍታ ላይ ማደግ የሳንባን ስፋት ይረዳል የሚባለው እውነት ነው፤ እሱ አብሮህ ይኖራል። የደሙ ነገር ግን አይቆይም።

አየሩን በቁጥር ብነግርህ፣ ፉጂ መድረሻ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው 76 በመቶ ገደማ ነው። ኖሪኩራ ላይ 72 በመቶ አካባቢ። ያልለመደ ሰው ፉጂ መድረሻ ላይ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ የሚያህል ያጣል። ኖሪኩራ ከዚያም ይብሳል። ያንተ ዓይነቱ አዲስ አበባ የሚኖር ብስክሌተኛ በዚህ ሳምንት ተሳፍሮ መጥቶ ቢወዳደር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሳንቦንታኪ በላይ ብዙ ሰው ያልፋል።

ስለ ልምምዱ ሌሎቹን ከሰማሁ በኋላ እመለሳለሁ።

---

ማርታ_ናጎያ (ናጎያ፣ ጃፓን)

ዳገት_ወዳድ፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። በፉጂ ላይ የሰጠኸው ፍርድ ግን ልክ አይመስለኝም።

እኔ ብስክሌት የጀመርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። የጀመርኩት ለጤና ነበር። ፉጂ ባይኖር እዚህ ስፖርት ውስጥ አልቆይም ነበር። ለምን መሰለህ? የሚያስነሱህ በምትጠብቀው ሰዓት ነው። በ90 ደቂቃ እገባለሁ ያለ ሰው ከመሰሎቹ ጋር ይነሳል። ማንም አይገፋህም፣ ማንም አይሰድብህም። መንገዱ ሰፊ ነው። ከኔ ፊት የ60 ዓመት ሰው ይወጣል፣ ከኋላዬ የመጀመሪያ ዓመቷ የሆነች ልጅ። ሁላችንም የምናሳድደው የየራሳችንን ቀለም ነው።

ቡድን ውስጥ መጠለል ሰዓቱን የኔ አያደርገውም ያልከውንም አልቀበልም። ዘንድሮ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ተራ እየተቀባበልን ወጣን። አንዱ ሲደክም ሌላው ይወጣል። ቋንቋ እንኳ ሳንለዋወጥ በእጅ ምልክት። ነሐሱን ያገኘሁት እንዲያ ነው። 90 ደቂቃ ማለት በሰዓት 837 ሜትር ከፍታ መውጣት ነው፤ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ለረዱኝ ሰዎችም ባለውለታ ነኝ። ሰዓቱ የጋራ መሆኑ ዋጋውን አልቀነሰብኝም።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር ልጨምር። የውድድር ቁጥር የሚሰጠው ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ነው፤ በዕለቱ ጠዋት ደርሳችሁ ቁጥር መቀበል አትችሉም። ስለዚህ ማደሪያ ያስፈልጋል። ካዋጉቺኮ አካባቢ ያሉት ሆቴሎች ቀድመው ይሞላሉ። ብዙ ሰው መኪናው ውስጥ ያድራል። ፈጣኖቹ የሚነሱት በኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሌሎቻችን ተከታትለን። እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ ሩዝ እበላለሁ። እንጀራ በልቶ መውጣት ሞክሬአለሁ፣ ለኔ ሆድ አይሆንም።

ከመነሻው በፊት አንድ ከረጢት ትሰጣላችሁ። በመኪና ተጭኖ አናት ላይ ይጠብቃችኋል። በውስጡ የክረምት ጓንት፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ረጅም ሱሪ ይኑር። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ከታች እስከ ላይ ወደ 8 ዲግሪ ልዩነት ነው። በላብ ርሳችሁ ደርሳችሁ 24 ኪሎ ሜትር ስትወርዱ ጣታችሁ ደንዝዞ ፍሬን መያዝ ያቅታችኋል። ስለ ሰዓት ከሚወራው ይልቅ ስለዚህ ቢወራ ይሻላል።

---

ጋሽ_ወርቁ (ቦሎኛ፣ ጣሊያን)

ልጆች፣ ደስ የሚል ወሬ ነው የያዛችሁት። እኔ በወጣትነቴ ነድቻለሁ። በዚያ ጊዜ ብስክሌቱ ብረት፣ ማርሹም ጥቂት ነበር። ከኋላ ትልቁ ጥርስ 24 ሲሆን ተመስገን እንል ነበር። አሁን ዳገት የሚወጡት በምን ማርሽ ነው? የብስክሌቱስ ክብደት ይመዘናል? እዚህ በትልልቁ ውድድር ከ6 ኪሎ ከ800 ግራም በታች አይፈቀድም።

ማርታ፣ ስለ ጓንቱ ያልሽው ወርቅ ነው ልጄ። አፔኒን ተራሮች ላይ በነሐሴ እንኳ ቀዝቅዞኝ ያውቃል።

---

ዳገት_ወዳድ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎን እዚህ ማግኘት ክብር ነው።

የሚሉት የ6.8 ኪሎ ገደብ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ ነው። እዚህ በአማተር የዳገት ውድድር ማንም አይመዝንም። ስለዚህ 5 ኪሎ አካባቢ የሆነ ብስክሌት የሚይዙ ሰዎች አሉ። የመቀመጫውን ዘንግ እየቀየሩ፣ የጠርሙስ መያዣ እየፈቱ፣ ብሎኑን በቲታኒየም እየተኩ ነው እዚያ የሚደርሱት። በኖሪኩራ መነሻ ላይ ብስክሌቶቹን ማየት ራሱ አንድ ትርኢት ነው።

ጥቅሙን ላስላልዎት። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 75 ኪሎ ቢሆኑ፣ ፉጂን በ75 ደቂቃ ለሚወጣ ሰው አንድ ኪሎ መቀነስ ወደ 50 ሴኮንድ ያተርፋል። ቀላል አይደለም። ግን አንድ ኪሎ ከብስክሌት ላይ ለመቀነስ የሚወጣው ገንዘብ ከባድ ነው። እኔ ከብስክሌቱ ይልቅ እራቴን ነው ያስተካከልኩት። ብስክሌቴ ወደ 7 ኪሎ ነው፤ አይቀየርም።

ማርሹን በተመለከተ፣ ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ እስከ 34 ጥርስ። ዘንድሮ አንድ ለአንድ የሆነውን፣ ማለትም ከፊትም ከኋላም 34 የሆነውን ቀላሉን ማርሽ ኡትሱኩሺጋሃራ ላይ ተጠቅሜበታለሁ። ፉጂ ላይ አያስፈልግም።

ማርታ፣ ስለ ቡድኑ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተራ ተቀባብሎ መውጣት የሚሰጠውን ደስታ አልክድም። ልዩነታችን የሚመስለኝ ከውድድሩ የምንፈልገው ነገር ላይ ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። ለዚያ ፉጂ ብዙ ሌላ ነገር ይጨምርበታል፦ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የተነሳህበት ምድብ፣ የቡድኑ ብርታት። ኖሪኩራ ያንን ሁሉ ያራግፋል።

---

ባለ34_ጥርስ (ሺዙኦካ፣ ጃፓን)

ሁለታችሁም ስለ ፉጂ ስታወሩ በያማናሺ በኩል ብቻ ነው። ፉጂ የሺዙኦካም ነው እኮ! በኛ በኩል፣ ኦያማ ከተማ ውስጥ፣ አዛሚ ላይን የሚባል መንገድ አለ። 11.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አማካይ ዳገቱ 10 በመቶ፣ ከፍተኛው 22 በመቶ። የአማተር ውድድር አለው፤ ቱር ኦፍ ጃፓን የሚባለው የባለሙያዎች የብዙ ቀን ውድድርም የፉጂውን ቀን እዚያ ላይ ሲያደርግ ቆይቷል። በ2014 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ቱሩን ያሸነፈው ኢራናዊው ሚርሳማድ ፑርሰይዲ ነው። ኢራናውያኑ እዚህ ዳገት ላይ ሲወጡ የነበረው ጉልበት አሁንም ይወራል።

ዳገት_ወዳድ፣ ሰዓቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ይሁን ካልክ ወደኛ ና። በ22 በመቶ ላይ ቡድን የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጋር ነው። 34 በ34 ማርሽ አንዴ ስትረግጠው 2 ሜትር ትንሽ አለፍ ያለ ነው የሚወስድህ። በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየወጣህ በደቂቃ 47 ጊዜ ገደማ ብቻ ነው የምትረግጠው። ጉልበትህ ብቻ ሳይሆን ሚዛንህም ይፈተናል። ፊተኛው ጎማ ይነሳል፣ ወደ ጎን እየተዟዟሩ የሚወጡ ሰዎችን መሸሽ አለብህ።

በዚያው ኦያማ ሚኩኒ መተላለፊያም አለ፤ የቶኪዮ ኦሎምፒክ የወንዶች የጎዳና ውድድር በ2021 ያለፈበት። 6.5 ኪሎ ሜትር፣ 10.6 በመቶ። ኢኳዶራዊው ሪቻርድ ካራፓዝ ያሸነፈበት ቀን። አሁን ማንም ሰው በተራ እሑድ ሄዶ ሊወጣው ይችላል። ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል፤ የኦሎምፒክ ሜዳ ላይ ገብቶ መጫወት ማን ይፈቀድለታል? መንገድ ግን የሁሉም ነው።

---

ማርታ_ናጎያ

አዛሚን አንዴ ወጥቼዋለሁ። ዳግመኛ ከመውጣቴ በፊት የኋላውን ጥርስ ወደ 36 አስቀይራለሁ። ባለ34 ልክ ነው፣ እዚያ ማንም ማንንም አይረዳም። ለዚያ ነው የማልወደው።

---

ሸገር_ፔዳል

ማርታ አሳመነችኝ፣ ባለ34 ደግሞ አስፈራራኝ። የልምምዱን ነገር ግን እየጠበቅኩ ነው። ወጪውንም ንገረን።

---

ዳገት_ወዳድ

እሺ። ለልምምዱ፣ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ቤት ውስጥ ነው፣ ቆሞ የሚሽከረከር መለማመጃ ላይ። በሳምንት ውስጥ ሁለት ቀን ከሥራ በኋላ ጠንከር ያለ ነገር እሠራለሁ። ዋናው ለ20 ደቂቃ ያህል አንድ ሰዓት ልይዘው በምችለው ጉልበት መንዳት፣ ትንሽ ማረፍ፣ ደግሞ መድገም ነው። ሌላው ቀን ቀላል ነው። እሑድ ያቢትሱ መተላለፊያ እሄዳለሁ። ሐዳኖ ከተማ አጠገብ ነው፣ 12 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ አናቱ 761 ሜትር ነው። የካንቶ (የቶኪዮ ዙሪያ) አካባቢ ብስክሌተኛ ሁሉ ሰዓቱን የሚያወዳድርበት ዳገት ነው። እዚያ ከ40 ደቂቃ በታች የገባ ሰው «አሁን ጀመርክ» ይባላል። ጠዋት በጨለማ የምትወጡ ከሆነ የድብ ደወል ያዙ። በዚህ አትቀልዱ። ጃፓን ተራሮች ውስጥ ድብ አለ።

ጁላይና ኦገስት ሙቀቱ ከባድ ነው። ያኔ ከንጋት በፊት ወጥቼ ፀሐይ ሳትበረታ እመለሳለሁ። ለኖሪኩራ ስል የጨመርኩት አንድ ነገር አለ። ከድካም በኋላ መግፋት። ረጅም መንገድ ነድቼ እግሬ ሲዝል የመጨረሻውን ዳገት በሙሉ ጉልበቴ እወጣለሁ። ከኩራይጋሃራ በላይ የሚጠብቅህን ስሜት ባሕር ጠለል ላይ ሆነህ የምታገኝበት ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ወጪው፣ መመዝገቢያው በትልልቆቹ ውድድሮች ከ10,000 የን በላይ ነው። የሚከብደው እሱ አይደለም፣ መጓጓዣና ማደሪያው ነው። መኪና ለሌለው ሰው ባቡር ያድናል። ብስክሌቱን ጎማውን ፈትተህ «ሪንኮ» የሚሉት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ከረጢት ውስጥ ካስገባኸው በባቡር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትሳፈራለህ። ምንም የሚታይ ክፍል መውጣት የለበትም። ለኖሪኩራ እስከ ማትሱሞቶ በባቡር ይደረሳል፣ ከዚያ በኋላ ግን መኪና ያለው ጓደኛ ቢኖር ይመረጣል።

---

ማርታ_ናጎያ

ዳገት_ወዳድ ያልተናገረውን ስለ ኖሪኩራ ልናገር። አየሩ ከከፋ መንገዱ ያጥራል። አንዳንዴ እስከ ማደሪያው፣ አንዳንዴ እስከ ሳንቦንታኪ ብቻ። አንዳንዴም ጭራሽ ይሰረዛል። ገንዘብ አይመለስም። ዓመትህን ሙሉ ለአንድ ተራራ ሰጥተህ፣ ያ ተራራ በዚያ ቀን ጭጋግ ለብሶ «አይሆንም» ቢልህስ? እኔ አንድ ተራራ ብቻ ምረጡ የሚለውን ምክር የማልቀበለው ለዚህ ነው።

---

ዳገት_ወዳድ

ልክ ነሽ፣ ይሄ እውነተኛ አደጋ ነው። ለዚህ ነው አካጊን ከኖሪኩራ በኋላ ያስቀመጥኩት። ርቀቱም ከፍታውም ተቀራራቢ ነው። ኖሪኩራ ቢሰረዝ የገነባሁትን ጉልበት የማወጣበት ቦታ ይኖረኛል። ሰዓቱን ግን ማወዳደር አይቻልም፤ አካጊ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ አይሳሳም።

ተሰርዞ ቢሆን አዝን ነበር፤ አልደብቅም። ቢሆንም የሚቀጥለው ዓመት እዚያው እመለስ ነበር። 20.5 ኪሎ ሜትሩን ሳስብ ነው ጃንዋሪ ላይ ያንን መለማመጃ የምወጣበት። ብዙ ግብ ቢኖረኝ አንዱ ሲያመልጠኝ «ሌላው አለ» እያልኩ እተኛለሁ። ሰው ይለያያል።

---

ጋሽ_ወርቁ

ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ጥያቄው የጸባይ ነው። እኔ በወጣትነቴ ሁሉንም ውድድር እገባ ነበር፣ ሁሉንም እኩል እወድ ነበር። አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ አንዱን ብቻ ይጠብቅ ነበር። እሱ የጠበቀውን ሲያገኝ ያየሁት ፊት እኔ አንድም ቀን አልነበረኝም። ያጣ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ወር አያነጋግርም ነበር።

---

ሕሊና_ኦሳካ (ኦሳካ፣ ጃፓን)

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ተማሪ ነኝ፣ ዘንድሮ ያገለገለ የሩጫ ብስክሌት ገዛሁ። ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ እስከ 28 ጥርስ ነው። እስካሁን የነዳሁት የወንዝ ዳር ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ መሞከር ፈለግኩ። ከየትኛው ልጀምር? ጃፓንኛ ማንበብ ገና ይከብደኛል፣ ምዝገባውስ?

---

ማርታ_ናጎያ

ሕሊናዬ እንኳን መጣሽ። ፉጂ። ሌላ አትስሚ። ምዝገባው የሚከፈተው ዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ከአሁኑ ተዘጋጂ። ቅጹ በጃፓንኛ ነው፤ ስምሽን፣ አድራሻሽንና ለድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስልክ ይጠይቃል። ሲከፈት ጻፊልኝ፣ በስልክ አብረን እንሞላዋለን። የምትጠብቂውን ሰዓት ሲጠይቅሽ ከፍ አታድርጊው፤ ከመሰሎችሽ ጋር መነሳት ነው ጥሩው። ለመጀመሪያው ሰማያዊ ይበቃል።

---

ዳገት_ወዳድ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከማርታ ጋር እስማማለሁ። ፉጂ ይሁን። ኖሪኩራን ዳገት ላይ መተንፈስ ከለመድሽ በኋላ ታስቢበታለሽ።

ከኋላ ያለውን ጥርስ ግን ቢያንስ ወደ 32 አስቀይሪው። ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ካቴናውም ሊረዝም ስለሚችል ብስክሌት ቤቱ አብሮ ይየው። ለጉልበትሽ የሚተርፈው ብዙ ነው። ኦሳካ ላለ ሰው ደግሞ ሮኮ ተራራ ቅርብ ነው፣ 931 ሜትር። በታካራዙካ በኩል ያለውን መንገድ ብዙ ሰው ይወጣዋል። መጀመሪያ ሰዓት ሳትይዢ ውጪ። እያወራሽ መውጣት በምትችዪበት ፍጥነት። ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል።

---

ሕሊና_ኦሳካ

እናመሰግናለን! ጥርሱን በዚህ ሳምንት አስቀይራለሁ። ሮኮን ብቻዬን መውጣት ግን እፈራለሁ፣ በተለይ ቁልቁለቱን።

---

ማርታ_ናጎያ

ከናጎያ ኦሳካ ሩቅ አይደለም። ብስክሌቴን ከረጢት ውስጥ አድርጌ እመጣለሁ። ቁልቁለቱን እኔ ከፊት እሆናለሁ፣ መስመሬን ተከትለሽ ትወርጃለሽ። የሙሉ ጣት ጓንት ያዢ። ቀኑን በውስጥ መስመር እንነጋገር።

---

ባለ34_ጥርስ

እኔም ከሺዙኦካ እመጣለሁ፤ ለአዛሚ የማላስገድድ ሰው መሆኔን እንድታዩ። ትርፍ ጎማና ፓምፕ እኔ ጋ አለ።